ሰፈሩ ሲነሣ የታየው ደመወዝ፦ የአንዲት የቁምስና ጸሐፊ ጉዳይ

በኅዳር 2017 ዓ.ም. በማዕከላዊ አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ምክር ቤት ባለ አንድ ገጽ ማመልከቻ ቀረበ። አመልካቿ ቁምስናውን በጸሐፊነት ለ16 ዓመታት ያገለገሉ፣ የ51 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡና ሁለት ልጆች የሚያስተምሩ ወይዘሮ ናቸው። ማመልከቻው ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ደመወዛቸው በዚያው ግቢ ካለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ደመወዝ ጋር እንዲቀራረብ፣ በየእሑዱ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩበት ሰዓት ወይ እንዲታሰብላቸው ወይ ከኃላፊነቱ እንዲነሡ፣ የጡረታ ዋስትናም እንዲኖራቸው። ምክር ቤቱ ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ባለ ሦስት አባላት ኮሚቴ ሰየመ፤ ይህን የሚጽፈው ከኮሚቴው አባላት አንዱ የሆነ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ጸሐፊዋም ቁምስናውም ጉዳዩ ለሌሎች ይጠቅማል ብለው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚገልጥ ዝርዝር እንዳይካተት በመጠየቃቸው ግን ስምና አድራሻ ቀርቷል።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጎልቶ የወጣው ጥያቄ የደመወዙ መጠን አልነበረም። አብዛኛው የምክር ቤቱ አባል የጠየቀው፣ 16 ዓመት ሙሉ አንድም ቅሬታ ያልተሰማባቸው ሴት አሁን ለምን ጻፉ የሚለውን ነው። አንዳንዱ ከበስተጀርባቸው የሚገፋ ሰው አለ ብሎ ጠረጠረ፤ አንድ ሽማግሌም «እኛ በመዘምራን ስናገለግል ማን ከፈለን?» አሉ። ኮሚቴው ሥራውን ከዚሁ «ለምን አሁን» ከሚለው ጥያቄ ጀመረ፤ መልሱም ከሰው ጉትጎታ ሳይሆን ከመኖሪያ ሰፈር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ።

ጉድለቱን ሲሞላ የኖረው ማን ነበር

የጸሐፊዋ ወርሃዊ ደመወዝ 4,200 ብር ነበር። በጊዜው በሥራ ላይ በነበረው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ 537 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ሲቀነስ እጃቸው የሚገባው 3,662 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በዚህ ገንዘብ በአዲስ አበባ መሐል ሁለት ልጆች ይዞ መኖር የሚቻል አይመስልም፤ ጸሐፊዋ ግን ኖረዋል። እንዴት እንደኖሩ ኮሚቴው ሲጠይቃቸው የሰጡት መልስ በቁምስናው የሒሳብ መዝገብ ላይ የሌለ ነው።

ጸሐፊዋ ካዛንቺስ ውስጥ ከባለቤታቸው ወላጆች በተላለፈ የቀበሌ ቤት ይኖሩ ነበር። ኪራዩ ከወር ወጪያቸው ውስጥ የሚቆጠር አልነበረም። ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይመላለሳሉ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄደው ምጣድ ይጥዳሉ። የጋገሩትን እንጀራ ለሁለት ሱቆችና ለአንድ አነስተኛ ምግብ ቤት ያስረክባሉ፤ በጥሩ ወር ከዚህ የሚያገኙት ትርፍ ከደመወዛቸው የማይተናነስበት ጊዜ ነበር። እቁባቸውም እድራቸውም እዚያው ሰፈር ነው። ልጃቸው በሽተኛ በሆነች ጊዜ ያበደረቻቸው ጎረቤታቸው ናት፤ ብድሩንም የመለሱት በእንጀራ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ነዋሪው ተነሣ፤ ጸሐፊዋም ከብዙ ጎረቤቶቻቸው ጋር በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ሄዱ። ስለ አዲሱ ቤት ሲናገሩ ፍትሐዊ ናቸው፤ መጸዳጃው የግል ነው፣ ጣራው አያፈስም፣ ልጆቹ የየራሳቸው ማደሪያ አግኝተዋል። ችግሩ ቤቱ ላይ አይደለም። ወደ ሥራ ለመምጣትና ለመመለስ ታክሲ እየቀያየሩ በቀን 80 ብር ያወጣሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሥራ፣ እሑድ ደግሞ ለማስተማር ስለሚመጡ በወር ለ30 ቀናት 2,400 ብር ይሆናል። ከተጣራ ደመወዛቸው የሚተርፈው 1,262 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። የእንጀራ ደንበኞቹ ሱቆች ፈርሰዋል፤ በአዲሱ ሰፈር ያለው ሰው ደግሞ ሁሉም ጋጋሪ እንጂ ገዢ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ ሊያዝ ይገባዋል የምለው ነገር ይህ ነው። ቁምስናው ለጸሐፊዋ የሚከፍለው ደመወዝ ለኑሮ በቂ የነበረበት ጊዜ የለም፤ ጉድለቱን ይሞሉ የነበሩት የቀበሌው ቤት፣ የእግር መንገዱና የሰፈሩ ገበያ ነበሩ። ይህን ድጎማ ማንም አልወሰነውም፣ በማንም በጀት ላይ አልሰፈረም፣ ማንም አላመሰገነውም። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው ሰው ሲነሣ የዚሁ ቁምስና አንድ የጥበቃ ሠራተኛና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በተመሳሳይ ሁኔታ ሩቅ ሄደው ነበር፤ ያኔ ግን ሁለቱም ማመልከቻ ሳይጽፉ አንደኛዋ ሥራዋን ለቀቀች፣ ሁለተኛው ደግሞ በየወሩ አጋማሽ የደመወዝ ቅድሚያ ይጠይቅ ጀመር። በማዕከላዊ አዲስ አበባ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ተቋማት ለዘመናት ርካሽ ጉልበት ያገኙት በዙሪያቸው ርካሽ ሰፈር ስለነበረ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቆሞሱ፣ ማለትም የቁምስናው መሪ ካህን፣ የጸሐፊዋን ችግር አላዩም ማለት አይደለም። የሴት ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ በግማሽ እንዲቀነስ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ለበዓል ጤፍና ዘይት ከራሳቸው ኪስ ይሰጣሉ። እሳቸው ራሳቸው የሚኖሩት በጥቂት ወርሃዊ አበልና ምእመናን ለቅዳሴ በሚሰጡት ገንዘብ ነው። ጸሐፊዋ ማመልከቻውን ይዘው ሲቀርቡ ግን የተባባሉት እንዲህ ነበር። «ጤፍ አልቆብሽ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም?» ቢሏቸው፣ «አባ፣ ስለ ጤፉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ታክሲ ግን በጤፍ አያሳፍረኝም» አሉ። ቆሞሱ ይህን ለኮሚቴው የነገሩት ራሳቸው ናቸው፣ እየሳቁ። ቀጥለውም ማመልከቻውን ለምክር ቤቱ የመሩት በዚያው ቀን መሆኑን ጨመሩ።

ደመወዙ እንዴት እዚያ ላይ ቆመ

ኮሚቴው የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን ሲያገላብጥ ያገኘው ነገር ብዙ የሚያስረዳ ነው። እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ የጸሐፊነቱን ሥራ የያዙት አንዲት ገዳማዊት እኅት ነበሩ። እኅቶች በድኅነት ስእለት ስለሚኖሩ፣ ምግባቸውም መኖሪያቸውም ሕክምናቸውም በማኅበራቸው ስለሚሸፈን፣ ቁምስናው ለእሳቸው የሚሰጠው መጠነኛ የኪስ ገንዘብ ብቻ ነበር። እኅቲቱ ወደ ሌላ ሀገረ ስብከት ሲዛወሩ በቦታው ምእመን ተቀጠረ፤ አዲሷ ጸሐፊ የተቀጠሩበት 600 ብር የተተመነውም «ቀድሞ ይከፈል ከነበረው እጥፍ» ተብሎ ነው። ቃለ ጉባኤው ይህን እንደ ልግስና ይመዘግበዋል። በእርግጥም ከኪስ ገንዘቡ እጥፍ ነበር፤ ግን መነሻው ቤት የማትከራይ፣ ልጅ የማታሳድግ፣ ስትታመም ማኅበሯ የሚያስታምማት ሰው አበል ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጭማሪዎች ሁሉ በዚያ መነሻ ላይ በመቶኛ የተቆለሉ ስለሆኑ ስሕተቱ አብሮ አደገ እንጂ አልታረመም።

በአንጻሩ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ 9,200 ብር ይከፈላቸዋል፣ ጡረታም አላቸው። የሁለቱ ሴቶች የትምህርት ደረጃ ዲፕሎማ ነው፤ ቢሮዎቻቸው በአንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ናቸው። ልዩነቱ የሥራው ክብደት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ክፍያ ይሰበስባል፤ መምህራንና ሠራተኞችም ደመወዝ ካልተሻሻለ ወደ ሌላ የግል ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ አስተዳደሩ ያውቃል። ቁምስናው ግን የሚኖረው ከሙዳየ ምጽዋት፣ ከአባላት ወርሃዊ መዋጮና ከአዳራሽ ኪራይ ነው፤ ጸሐፊዋም ወዴትም እንደማይሄዱ ሁሉም ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለው እርግጠኝነት ለአሠሪ ምቹ ነው።

ውጫዊው ሁኔታም ነገሩን አባባሰው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ግብይቱን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከነበረበት 57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም አሠሪን የሚያስገድድ ቁጥር አላስቀመጠም። ለማነጻጸር ያህል፣ በ2017 መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል ዝቅተኛው እርከን 4,760 ብር ሆኗል። የ16 ዓመት ልምድ ያላቸው የቁምስናው ጸሐፊ ከዚያ በታች ነበሩ።

በሁለት ሕግ መካከል

ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ የሕግ ትምህርት ያላቸው ስለነበሩ አዋጁ ለቤተ ክርስቲያን አይሠራም የሚል ክርክር አነሡ። የአዋጁ አንቀጽ 3 የሚለው ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሃይማኖት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚመሠረቱ የሥራ ግንኙነቶች ላይ አዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን በደንብ ሊወስን ይችላል ነው። ሊወስን ይችላል ማለትና ተወስኗል ማለት ይለያያሉ። የምሥክር ወረቀት የሚጽፍ፣ የጥምቀት መዝገብ የሚይዝ፣ ደብዳቤ የሚያወጣ ሠራተኛም ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሚለይበት ምክንያት ለኮሚቴው አልታየውም። አከራካሪ ሊሆን የሚችለው የእሑዱ ትምህርተ ክርስቶስ ነው፤ ያ መንፈሳዊ ተግባር ነው ቢባል ያስኬዳል።

ክርክሩን ግን ለአንድ ካቶሊካዊ ተቋም የሚዘጋው የመንግሥት ሕግ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ሕግ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የግእዝ ሥርዓት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደረው በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታወጀውና በቀጣዩ ዓመት በሥራ ላይ በዋለው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ ነው። የዚህ ሕግ ቀኖና 1030 የቤተ ክርስቲያን ንብረት አስተዳዳሪ በሥራ ቅጥር ጊዜ የአገሩን የሠራተኛና የማኅበራዊ ኑሮ ሕግ በትክክል እንዲጠብቅ፣ ለተቀጣሪውም የራሱንና የቤተ ሰቡን ፍላጎት የሚያሟላበት ፍትሐዊ ደመወዝ እንዲከፍል ያዝዛል። ቀኖና 409 ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ልዩ አገልግሎት ላይ የተሰማሩ ምእመናን ተገቢ ክፍያ፣ የማኅበራዊ ዋስትናና የጤና እንክብካቤ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በላቲን ሥርዓት ያሉትም ቢሆኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 በወጣው ሕግ ቀኖና 231 እና 1286 ተመሳሳይ ግዴታ አለባቸው። እንግዲህ መንግሥት ነገ ለሃይማኖት ተቋማት ነጻነት ቢሰጥ እንኳ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ አስተዳዳሪዋን መልሶ ወደ አገሩ የሠራተኛ ሕግ ይልከዋል። የሕግ ባለሙያው ይህ ሲነበብላቸው ክርክራቸውን ተዉ፤ ከዚያ በኋላ ኮሚቴውን ካገዙት ሰዎች ዋነኛው እሳቸው ነበሩ።

«ፈርመው ነው የተቀጠሩት» የሚለውም ተነሥቷል። ለዚህ መልሱ ከ130 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1891 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ደመወዝ ሠራተኛውን በልከኛ ኑሮ ለማኖር ሊያንስ እንደማይገባ፣ ሠራተኛው ችግር አስገድዶት ወይም የባሰውን ፈርቶ የተቀበለው ውል በነጻ ፈቃድ የተደረገ ስምምነት ተብሎ ፍትሕ ሊሆን እንደማይችል አስተምረዋል። በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሮም የተሰበሰበው የጳጳሳት ሲኖዶስም ስለ ፍትሕ ለሰዎች ሊናገር የሚነሣ አስቀድሞ በፊታቸው ፍትሐዊ ሆኖ መገኘት እንዳለበት ገልጿል። ይህ ትምህርት በዚያው ቁምስና በጎልማሶች ጉባኤ ይሰጣል፤ የማስተማሪያ ወረቀቱን የሚተይቡት ጸሐፊዋ መሆናቸውን ያስታወሰን አልነበረም።

የእሑዱ ሰዓት ስሌት ቀላል ነው። በሳምንት 48 ሰዓት መደበኛ ሥራ ሲታሰብ ወሩ 208 ሰዓት ይሆናል፤ 4,200 ብር ሲካፈል የአንዱ ሰዓት ዋጋ 20 ብር ከ19 ሳንቲም ገደማ ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ ሰዓት በአዋጁ በእጥፍ ይከፈላል። ጸሐፊዋ እሑድ እሑድ 5 ሰዓት ስለሚያሳልፉ አንዱ እሑድ 202 ብር ያህል ነው። ይሁንና አዋጁ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንዲታገድ ያደርጋል። ስለዚህ ከ16 ዓመት እሑድ ውስጥ በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት የሚችለው የ26 ሳምንታቱ ብቻ፣ እሱም 5,250 ብር ነው። አንዳንድ አባላት ይህን ሲሰሙ እፎይ አሉ። እኔ ደግሞ የሰነበተ ዕዳ ለፍርድ ቤት ይርጋ እንጂ ለቤተ ክርስቲያን ይርጋ ሊኖረው አይገባም የሚል አቋም ያዝሁ፤ የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 5 የሚናገረው ተቀምቶ የሚጮኽ ደመወዝ የስድስት ወር ገደብ አልተቀመጠለትም።

እርግጥ ነው፣ በፈቃዱ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይከፈለው ማለት አይደለም። በዚያው ቁምስና ሌሎች አራት ምእመናን እሑድ ያለ ክፍያ ያስተምራሉ፤ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዷ ነርስ ናት። እነሱ ሲደክማቸው ወይም ሲጓዙ ይቀራሉ፣ ማንም አይጠይቃቸውም። ጸሐፊዋ አንድ እሑድ በቀሩ ጊዜ ግን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ተጠይቀዋል። ኮሚቴው ሁለቱን የለየው በዚህ ነው፤ ሲቀሩ የሚያስጠይቅ አገልግሎት የሥራው አካል ሆኗል፣ የሥራው አካል ከሆነም በደመወዙ ውስጥ ይገባል።

የጡረታው ነገር ከሁሉም የከፋ ሆኖ ተገኘ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲወጣ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች በፈቃደኝነት እንዲታቀፉ በር ከፍቶ ነበር፤ መዋጮው አሁን በሠራተኛው በኩል 7 በመቶ፣ በአሠሪው በኩል 11 በመቶ ነው። አዋጁ በወጣ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሠራተኞቹን አስመዘገበ፤ ቁምስናው ግን ጉዳዩን አንድ ጊዜ አንሥቶ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይታይ» ብሎ አሳደረው። የሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። ጸሐፊዋ ያኔ ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ ከ13 ዓመት በላይ መዋጮ በኖራቸው ነበር። ዛሬ በ51 ዓመታቸው ቢጀምሩ፣ 60 ዓመት ሲሞላቸው የሚኖራቸው አገልግሎት 9 ዓመት ነው፤ ወርሃዊ የጡረታ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። ካልሞላ የሚያገኙት አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። በእድሜ ላይ አንድ ዓመት መጨመር የሚችል የውሳኔ ሐሳብ ኮሚቴው አላገኘም።

ገንዘቡ የት ነበር

ቁምስናው ድኻ ነው የሚለው ሐሰት አይደለም። ያው የኮሪደር ልማት ምእመኑንም ስለበተነው የእሑድ መባ ቀንሷል፤ ሩቅ የሄደው ሰው በሰፈሩ አቅራቢያ ባለ ቁምስና ያስቀድሳል ወይም በወር አንዴ ይመጣል። በመንገዱ ዳር በአጥሩ ላይ የነበሩት ሦስት ሱቆች መንገዱ ሲሰፋ ስለፈረሱ ኪራያቸው ቀርቷል። የወሩ መደበኛ ገቢ ከ70,000 ብር ገደማ ወደ 48,000 ወርዷል። ጸሐፊዋን ያስቸገረው ነገር ደመወዝ ከፋዩንም በዚያው ወር አስቸግሮታል፤ ነገሩን ክፉ ያደረገውም ይኸው ነው።

ሆኖም በሌላ የባንክ ሒሳብ ለእድሳት የተቀመጠ 1.4 ሚሊዮን ብር ነበር። ይህን ስናነሣ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ወዲያው ደግሞ የለጋሽ ገንዘብ አይነካም የሚል ድምፅ ከብዙ አቅጣጫ መጣ። ትክክል ናቸው፤ ለጋሽ ለጣራ የሰጠው ለጣራ ይውላል፣ ይህም የቀኖና ሕጉ አጥብቆ የሚጠብቀው ነገር ነው። ነገር ግን መዝገቡን መሥመር በመሥመር ስናይ ገንዘቡ ሁሉ የለጋሽ አልነበረም። ከውጭ አገር ማኅበርና ከጥቂት ምእመናን ለጣራው ተብሎ የተሰጠው ተለይቶ ይታወቃል፤ ቀሪው ከሠርግ አዳራሹ ኪራይ የመጣ ነው። የአዳራሹ ኪራይ ወደ እድሳት ሒሳብ እንዲገባ የወሰነ አንድም ቃለ ጉባኤ አልተገኘም። አንድ የቀድሞ ገንዘብ ያዥ እንዲያ ማስገባት ጀመሩ፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ቀጠሉበት።

በአዲስ አበባ ባሉ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ተቋማት ሒሳብ ላይ የማየው ልማድ ይህ ነው፤ ሕንፃው መጀመሪያ ይወስዳል፣ ሰው ከተረፈው ይከፈለዋል። ለጣራ ልመና መውጣት አያሳፍርም፤ ስሙ በድንጋይ ላይ ይቀረጻል፣ ለጋሹም ፎቶ ይነሣበታል። ለጸሐፊ ደመወዝ ገንዘብ አዋጡ ብሎ በመሠዊያው ፊት የተናገረ ቆሞስ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ኮሚቴው ያቀረበው ስሌት ይህን ይመስል ነበር። ደመወዙ 8,400 ብር ይሁን። ጸሐፊዋ ለትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የጥምቀት ማስረጃ ስለሚያወጡና የአዳራሹን ምዝገባ ለሁለቱም ስለሚይዙ ትምህርት ቤቱ 3,000 ብሩን ይሸፍን፤ ቁምስናው 5,400 ይክፈል። የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 924 ብር ይጨመር። ላልተከፈሉት እሑዶች ከሕጉ ስድስት ወር አልፎ የሁለት ዓመቱ፣ ማለትም የ104 እሑዶች ሒሳብ 21,000 ብር በ12 ወር ተከፋፍሎ በየወሩ 1,750 ይሰጥ። ሁሉም ሲደመር በቁምስናው ላይ የሚጨመረው በመጀመሪያው ዓመት በወር 3,874 ብር ነው። አንድ ሠርግ ለአዳራሹ 12,000 ብር ያስገባል፤ እንግዲህ አንዱ ሠርግ የሦስት ወሩን ይሸፍናል ማለት ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ከሌሎቹ ወራት እየተቆጠበ የሚያልፍ ሒሳብ ያስፈልጋል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። ስሌቱ በተነበበ ጊዜ መጀመሪያ ስለ መዘምራን የጠየቁት ሽማግሌ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉና ድምፃቸውን ለውሳኔው ሰጡ። ለአራት ወር ያነታረከን ከ4,000 ብር የማይሞላ የወር ወጪ ነበር።

ከውሳኔው በኋላ

ምክር ቤቱ በመጋቢት 2017 የደመወዙንና የጡረታውን ሐሳብ እንዳለ ተቀበለ፤ የሁለት ዓመቱን ክፍያ ግን «ካሳ» በሚል ቃል ሳይሆን «ያልተከፈለ ሒሳብ» በሚል እንዲመዘገብ ጠየቀ። ጸሐፊዋ በስያሜው ላይ አስተያየት አልሰጡም። አዲሱ ደመወዝ ከሚያዝያ ጀምሮ ተከፍሏል። በ2017 ማብቂያ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ በማለቱም እጃቸው የሚገባው ትንሽ ጨምሯል።

ምክር ቤቱ ያልጠበቀው ነገር በእሑዱ ትምህርት ላይ መጣ። በውሳኔው መሠረት ማስተማሩ ለጸሐፊዋ ምርጫ ስለተተወ ብዙዎች በደስታ እንደሚቀጥሉ ገምተው ነበር፤ እሳቸው ግን አቆሙ። እሑድ ገላን ጉራ አቅራቢያ ካለ ቁምስና ከልጃቸው ጋር ያስቀድሳሉ። አንዳንድ ወላጆች «ደመወዝ ከተጨመረላቸው በኋላ ተዉን» ብለው አዘኑ፤ ወሬው እስከ እድር ድረስ ሄዶ ቤተ ክርስቲያንን ከስሰው ገንዘብ የተቀበሉ ተደርጎ ተወርቷል፤ ክስ የሚባል ነገር በየትኛውም ቦታ አልነበረም። ቆሞሱ በትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስብሰባ ላይ ይህን በግልጽ አስተባብለዋል። ሕፃናቱን አሁን ነርሷና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተራ ገብተው ያስተምራሉ፤ ትምህርቱ ሳስቷል፣ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። በእኔ እይታ ግን የጸሐፊዋ ማቆም የውሳኔውን ትክክለኛነት ያሳያል፤ ለ16 ዓመት በፈቃድ የተሰጠ ይመስል የነበረው ነገር፣ መከልከል በተቻለ በመጀመሪያው ቀን ተከለከለ።

ሁለተኛው ውጤት ከበር ላይ ነው የመጣው። የጸሐፊዋን ጉዳይ የሰሙት ሁለቱ የጥበቃ ሠራተኞች በሰኔ ወር የራሳቸውን ማመልከቻ አቀረቡ። ሁለቱ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ በየዕለቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት 84 ሰዓት ይቆማሉ፤ አዋጁ የሚፈቅደው መደበኛ ሥራ 48 ሰዓት ነው፣ የትርፍ ሰዓትም ቢሆን ለተለዩ ምክንያቶችና በሳምንት ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ ነው። የሌሊቱ ሰዓት በ1.75፣ የሕዝብ በዓሉ በ2.5 ተባዝቶ ሲሰላ የሁለቱ ሰዎች ወርሃዊ ተገቢ ክፍያ ከጸሐፊዋ ጭማሪ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በሥርዓቱ ግቢውን ቀንና ሌሊት ለማስጠበቅ በሳምንት 168 ሰዓት ለ48 ሲካፈል ሦስት ተኩል፣ ማለትም አራት ሠራተኛ ያስፈልጋል። ይህን የአዳራሽ ኪራይ ብቻውን አይችለውም። ምክር ቤቱ ሦስተኛ ጥበቃ ወዲያው እንዲቀጠር፣ ትምህርት ቤቱ የበሩ ተጠቃሚ እንደመሆኑ ግማሹን ወጪ እንዲጋራ ወስኗል፤ የአራተኛው ቅጥርና የኋላው ሒሳብ ግን ለ2018 በጀት ተላልፎ፣ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ጋር በድርድር ላይ ነው።